ልጄ ሱባኤ ሲገባ የተወልኝ በረሮዎች

ሐምሌ 13

ይህን ደብተር የገዛሁት የሱቁን አስቤዛ ልጽፍበት ነበር። ዛሬ ግን ሽንኩርትና ዘይት መጻፍ አልቻልኩም፤ ልቤ አልረጋ አለኝ።

ልጄን ኔትን በቡድሃ ገዳም አመነኮስነው። ለአንድ ክረምት ብቻ ነው፤ ነገ ሱባኤ ይገባል፣ ዝናቡ ሲያበቃ ልብሱን መልሶ ወደ ቤቱ ይመጣል። በአገራችን ወንድ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እናት የልጇን ቢጫ የምንኩስና ልብስ ጫፍ ይዛ ገነት ትገባለች ይባላል፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ "አንድ ክረምት ለእናትህ!" እያልኩ ስጨቀጭቀው የኖርኩት እኔው ነኝ። ጸጉሩን መጀመሪያ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ቅንድቡንም ላጩት። ቅንድብ የሌለው ፊቱን ሳይ ክው አልኩ። የተወለደ ዕለት ልክ ይህን ነበር የሚመስለው።

ሥርዓቱ ሲያልቅ ተንበርክኬ ሦስቴ ሰገድኩለት። ለገዛ ልጄ! ከእንግዲህ አልነካውም፤ "አባ" ነው የምለው፣ አንቱ ነው የምለው። እሱም "እማዬ" አይለኝም፤ መነኩሴ ምእመኑን "ዮም" ነውና የሚለው፣ "ዮም እናቴ" አለኝ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ።

ትናንት ግን ገና ኔት ሳለ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦

"እማዬ፣ አልጋዬ ሥር ያለችውን ሳጥን አደራ። ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ትንሽ የድመት ምግብ። ስመጣ እወስዳቸዋለሁ።"

"እነማንን?"

"ታዪያቸዋለሽ" ብሎ ሳቀ።

ጥንቸል ይመስለኛል። ነገ አያቸዋለሁ።

ሐምሌ 14

ጥንቸል አይደሉም።

ሐምሌ 14፣ ማታ

የአውራ ጣቴን የሚያህሉ፣ የደረቀ ቴምር የመሰሉ በረሮዎች! ክንፍ የላቸውም። አንደኛው ግንባሩ ላይ ሁለት ጉብ ጉብ ያለ ቀንድ አለው። ሳጥኑን በጣቴ ነካ ባደርገው፣ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚጮኸው "ሽሽሽ!" አለብኝ። በረሮ ሲጮህ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ክዳኑን ጥዬ እስከ ደረጃው ሮጥኩ።

ጫማዬን አውልቄ ተመለስኩ። ሩዝና ወጥ የምትሸጥ ሴት በረሮ ስታይ እጇ ምን እንደሚሠራ የታወቀ ነው። ጫማው አየር ላይ እያለ ግን ጠዋት አበምኔቱ ፊት የተቀበልኩት ትዝ አለኝ፤ ሱባኤው እስኪያልቅ አምስቱን ሕግጋት ላልጥስ ቃል ገብቻለሁ። የመጀመሪያው "ነፍስ አትግደል" ነው። ጫማዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ባለ ቀንዱ አየኝ። እኔም አየሁት።

ከዚያ ወርጄ ካሮት ላጥኩለት። ምን ላድርግ?

ሐምሌ 19

ዝናብ። የዓሣ ካሪ ወጡ አረረብኝ። ቻሉይ በጠዋቱ ገባች። ቻሉይ ሱቄ በር ላይ ሙዝ ጠብሳ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ ከሙዟ ይልቅ በጆሮዋ ነው የምትታወቀው።

"ላምያይ! ጋዝሽ ያፏጫል! ልንጋይ ነው!"

"አዎ፣ ጋዙ ነው" አልኳት።

"ታዲያ ዝጊዋ አንቺ!" ብላ ሮጣ ራሷ ዘጋችው። ፉጨቱ አልቆመም። ሁለታችንም ወደ ላይ ቤት ቀና አልን። እኔ ቶሎ ብዬ ድስት አንኳኳሁ።

ሌላው ሕግ "አትዋሽ" ነው። ሳምንት እንኳ አልሞላኝም።

ሐምሌ 24

ጉድ! በረሮ ወለደች!

እንቁላል ይጥላል እንጂ በረሮ ይወልዳል እንዴ? ስኳር ድንች ልሰጣቸው ክዳኑን ሳነሳ ትልቋ ጥግ ይዛ ታምጣለች። ከሆዷ ሥር ነጭ፣ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ይፈሳል። ሩዝ ከየት መጣ ብዬ ጎንበስ ስል ሩዙ እግር አወጣ። ጮህኩ። ታች የሚበሉት ደንበኞች "እትዬ፣ ወደቅሽ እንዴ?" አሉኝ። "አልወደቅኩም፣ ብሉ!" አልኩ።

አመሻሹ ላይ ሳያቸው ቡናማ ሆነዋል፤ ሁሉም እናታቸው ሆድ ሥር ተሸጉጠዋል። ጣቴን ባስጠጋ አፏጨችብኝ። ይህን ጊዜ ግን አልፈራሁም። ኔትን የወለድኩ ሰሞን እኔም አማቴ እንኳ እንድትነካው አልፈቅድም ነበር። ሰው ሁሉ "ላምያይ አበደች" ብሎኛል።

ሐምሌ 28

ዛሬ ምእመኑ ገዳም የሚሳለምበት የጨረቃ በዓል ስለሆነ ሄድኩ። ለኔት ሰግጄ ፊቱ ተቀመጥኩና ሌላ ሰው ራቅ እስኪል ጠብቄ፣

"አባ፣ ወለዱ" አልኩት።

ፊቱ በራ! ያ የድሮ ፊቱ። ቅንድብ ቢኖረው ኖሮ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ከዚያ ዓይኑን መልሶ ወደ መሬት አደረገ።

"ዮም እናቴ፣ ውሃ በሳህን አታድርጊ፤ ጨቅላ ይሰምጣል። ጥጥ አርሰሽ አስቀምጪ። የሳጥኑን አፍ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቢው፤ አለዚያ ግድግዳ ለግድግዳ ወጥተው ወጥ ድስትሽ ውስጥ ታገኚያቸዋለሽ።"

"እግዚኦ! እሺ አባ።"

"ደግሞ ቆዳቸውን ሲያወልቁ አትንኪያቸው። ለስላሳ ናቸው፣ ይጎዳሉ።"

ስወጣ አበምኔቱ አገኙኝና "የልጅሽ ድምፅ ለጸሎት የተፈጠረ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ። ለቻሉይም ነገርኳት፣ ለዓሣ ሻጩም፣ ለሞተር ታክሲዎቹም።

ነሐሴ 6

ካሮት በቀጭን በቀጭኑ። ፓፓያ ይወዳሉ፣ ጎመን ይንቃሉ። የገበያ አትክልት መድኃኒት ይረጭበታል፤ ሦስት ውሃ አጥቤ ነው የምሰጣቸው። ለደንበኞቼ አንዴ ነው የማጥበው፤ ይቅር ይበለኝ።

ባለ ቀንዱን "አለቃ" አልኩት። ማታ ማታ ያፏጫል። በፊት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ትናንት ዝም ሲል ነው የነቃሁት።

ነሐሴ 15

ቻሉይ አየቻቸው። አለቀልኝ።

የዓሣ መረቅ ልትበደር መጥታ ዝም ብላ ወደ ላይ ቤት ወጣች። ሳጥኑ ክፍት ነበር። ጩኸቷ ወንዙን ተሻግሮ ተሰምቷል። ደርሼ አፏን ልይዝ ስል ግን ጩኸቷን አቁማ ተንበርክካለች።

"ላምያይ... ነጭ በረሮ!"

እውነትም ከጨቅላዎቹ አንዱ እንደ ወተት ነጭ ሆኗል፤ አጠገቡ ቡናማ ቅርፊቱ ባዶውን ቆሟል።

"ነጭ እንስሳ የገባበት ቤት ዕድል ይገባል! ለምን ደበቅሽኝ? የሎተሪ ቁጥር ሊሰጠን ነው የመጣው! ዱቄት አምጪ!"

"ቻሉይ፣ ቆዳውን አውልቆ ነው፣ ልጄ ነግሮኛል..."

"ልጅሽ መነኩሴ ሆኖ ነው እንጂ ያልነገረሽ፣ መነኩሴ ስለ ሎተሪ አያወራም! ዱቄት!"

የፊቷን ዱቄት ከቦርሳዋ አውጥታ በረሮዎቹ የሚሸሸጉበትን የእንቁላል ካርቶን ጀርባ አሸችበት፤ ቁጥር ይታያል ብላ ዓይኗን አጨንቁራ ተቀመጠች። ሙዟ ታች አረረ። ሰባት ታየኝ፣ የለም አንድ ናት ስትል ስትል አመሸ። ነጩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ እየሄደ ከወንድሞቹ ጋር ተቀላቀለ።

"ቁጥሬን ይዞ ጠቆረ!" ብላ ልታለቅስ ደረሰች።

ሎተሪው እስኪወጣ ለማንም ላትናገር በሟች ባሏ ማለችልኝ። ከወጣ በኋላስ አላልኳትም።

ነሐሴ 20

ጉንዳን መጣ! በሳጥኑ የአየር ቀዳዳዎች በሰልፍ እየገቡ ነው። ለበረሮዎቹ የሰጠሁት ሙዝ ነው የጠራቸው። ጨቅላዎቹ እግራቸውን እያነሱ ይሸሻሉ። አንዱን ጉንዳኖች እየጎተቱት አየሁ።

ጉንዳን የሚከለክል መድኃኒት ያለበትን ጠመኔ አወጣሁ። የጉንዳን ጠመኔ ማንንም አይገድልም፤ መስመር ነው። ማለፍ አለማለፍ የጉንዳኑ ምርጫ ነው፤ ያለፈ በራሱ ነው ያለፈው። በሱባኤ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንን ነው፤ እናቴም ትል ነበር፣ እሷን የመሰለ ጻድቅ ደግሞ አልነበረም። ሳጥኑን ያወጣሁበትን ጠረጴዛ እግሮች አሰመርኩ፣ የሳጥኑን ዙሪያ አሰመርኩ፣ ቀዳዳዎቹንም በውስጥ በኩል አንድ በአንድ ከበብኳቸው። አጥር ሠራሁላቸው እኮ!

ጉንዳኖቹ ተመለሱ። ሕግም አልጣስኩም፣ ልጆቹንም አዳንኩ። ዛሬ ጥሩ እተኛለሁ።

ነሐሴ 21

ተገልብጠዋል። እግራቸው ሽቅብ ነው። አንዳንዶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ምንድነው? ሙቀት ነው? ሙዙ ነው?

ቻሉይን ጠራኋት። አየችና ጠመኔውን አነሳች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጠመኔ ለጉንዳን ይሠራል ለበረሮ አይሠራም ያለሽ ማነው? ማሸጊያው ላይ 'ለበረሮም' ተብሎ ተጽፏልኮ!"

ማሸጊያው ላይ እውነትም የተገለበጠ በረሮ ሥዕል አለ። በየዓመቱ ነው የምገዛው። አይቼው አላውቅም።

ነሐሴ 21፣ ማታ

ሱቅ አልከፈትኩም። ታመምኩ አልኩ።

የሞቱትን በመሐረብ ሰብስቤ ሬሐን የተከልኩበት ማሰሮ ውስጥ ቀበርኳቸው። ትልቋም ሞታለች። ጨቅላዎቹ ሥሯ ነበሩ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ተሸጉጠው። ሲጨንቃቸው ወደ እሷ ሮጠው ይሆናል፤ ሆዷ ላይ ጠመኔ ነበረባት። አጥር ብዬ ያሰመርኩት... ኧረ ተይው፣ አልጽፈውም።

የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በካርቶኑ እጥፋት ውስጥ የተኙት። አለቃም ተርፏል። ሌላ ንጹሕ ሳጥን ውስጥ አዲስ የኮኮናት ቃጫ አንጥፌ አዛወርኳቸው። እጄን እስኪላጥ ታጠብኩ።

"ስመጣ እወስዳቸዋለሁ" ነው ያለኝ። መጥቶ ምን ሊወስድ ነው? አንድ ወጣት ለበረሮ ብሎ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ጅል አይደለሁም። ግን ከዚህ ቤት የሱ የሆነ፣ የሚጠብቀው ሌላ ምን አለ? አልጋ በገዳምም አለ። ሩዝም አለ። እነዚህ ብቻ ናቸው እዚያ የሌሉት። የቀሩት መኖር አለባቸው። በቃ።

ነሐሴ 27

ገዳም። ሳይጠይቀኝ "ደህና ናቸው አባ፣ እያደጉ ነው" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አልጠየቀኝም። ያለፈውም ጊዜ አልጠየቀኝም ልበል? ሥራ በዝቶበት ነው፤ ጸሎት በቃሉ ይይዛል።

ግቢ የሚጠርጉ ሴቶች "የላምያይ ልጅስ የሚቆይ ነው" ሲባባሉ ሰማሁ። ሱባኤው እስኪያልቅ ማለታቸው ነው።

የቻሉይ ሎተሪ አልወጣም።

መስከረም 5

ቻሉይ ተናግራለች። አንድ ደንበኛ ዛሬ ማንኪያውን አስቀምጦ "እትዬ፣ ካሪው ውስጥ የሚያፏጭ አለ አሉ?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ሁለቱ ግን አልጨረሱም።

ይህ ሳያንስ የከተማው መኪና በድምፅ ማጉያ ዞረ። የደንጊ ትኩሳት ገብቷል፣ ነገ ቤት ለቤት የትንኝ ጭስ ይረጫል፣ በር ከፍታችሁ ጠብቁ። ጭሱን አውቀዋለሁ። ካለፈ በኋላ ሸረሪቱም፣ ዝንቡም፣ ሁሉም ወለል ላይ ነው የሚጠረገው።

ቻሉይ ይቅርታ መጠየቂያ ሙዝ ይዛ መጣች። "ለምን ትጨነቂያለሽ? አንቺ አይደለሽም የምትገድያቸው፣ መንግሥት ነው። ሕግሽ አይፈርስም። ወይ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ተከራዪላቸው!"

እኔ አይደለሁም። መስመር ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ማመካኛ ሰልችቶኛል።

መስከረም 6፣ ማታ

ሁሉንም ልጻፈው፤ እንቅልፍ እንደሁ አይመጣም።

ጭስ ረጪዎቹ ሳይደርሱ ሳጥኑን በዝናብ ልብስ ጠቅልዬ ሞተር ታክሲ ያዝኩ። ዶፍ ነው። መንገድ ላይ አለቃ ፉጨቱን ጀመረው።

"አክስቴ፣ ከኋላዬ እባብ ነው የያዝሽው?"

"በረሮ ነው፣ ንዳ!"

"እባብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር!" እያለ ነዳው።

ኔት ከአዳራሹ በረንዳ ላይ ነበር። መነኩሴ ከሴት እጅ አይቀበልም፤ ጨርቁን ዘረጋልኝ፣ እኔ ሳጥኑን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩ፣ እሱ በጨርቁ ጎትቶ ወሰደው። ከፈተው። ጎንበስ ብሎ አያቸው።

"ጥቂት ናቸው" አለ።

ስለ ጠመኔው ነገርኩት። ስለ እናታቸውም። ደህና ናቸው ብዬ እንደዋሸሁትም። ውሃው ከጸጉሬ ይንጠባጠባል። አልተቆጣኝም። ብቻ ትንሿን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረጋት፣ ጣቱ ላይ ወጣች።

ይህን ጊዜ አበምኔቱ ጥላ ይዘው መጡ። እኔን አላዩኝም። "ኔት፣ ስምህን አስገብቻለሁ። የመጪው ዓመት የፓሊ ቋንቋ ትምህርት፣ አንተና ሁለቱ ጓደኞችህ" አሉት።

የመጪው ዓመት!

ጆሮዬ እንደ ደወል ጮኸ። ኔትን አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

"ልነግርሽ ነበር፣ ዮም እናቴ።"

"ስመጣ እወስዳቸዋለሁ አልከኝ!" ብዬ ጮህኩበት። እንደ ድሮው፣ ሾርባ ሳይጨርስ እንደተነሳ ልጅ። አበምኔቱ ፊት! በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወዲያው ግንባሬን ወለሉ ላይ ጣልኩ፤ ይቅር በሉኝ አባ፣ ይቅር በሉኝ እያልኩ። አበምኔቱ ዞር ብለው ዝናቡን ማየት ጀመሩ፤ ደግ ሰው ናቸው።

ኔት ቀስ ብሎ፣ "ማታ ማታ ያፏጫል?" አለኝ።

"ያፏጫል።"

"ቤቱ ጭር እንዳይልብሽ ብዬ ነው።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ሳጥኑ እዚያው አደረ፤ ቤቴ ጭስ ጭስ ይላል።

መስከረም 9

ወለሉን አጥቤ፣ መስኮቱን ከፍቼ ሰንብቼ፣ ሳጥኑን አመጣሁ። ንጹሕ ጥጥ፣ የተቆረጠ ካሮት አገኘሁበት። ካሮቱ በደንብ አልታጠበም።

መስከረም 11

ምንም አልጽፍም።

መስከረም 20

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?" ትለኛለች ቻሉይ። "አንቺው አይደለሽ መንኩስልኝ ያልሽው? ገነት ፈለግሽ፣ ይኸው ገነት! ጫፉን ያዥና ግቢ።"

"አንድ ክረምት ነው ያልኩት።"

"ለቡድሃ ደግሞ ክረምት ቆጥረሽ ልትሰጪ?"

ሙዝ ሰጠችኝ። የሷ ልጅ ባንኮክ ነው፤ ለአዲስ ዓመት ብቻ ይደውላል። እሷ አላለችውም፣ እኔ ነኝ ያሰብኩት።

መስከረም 26

ሳጥኑን ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ሰው ዓሣ ይለቃል፣ ወፍ ይለቃል፣ ለጽድቅ። እኔም ልልቀቃቸው ብዬ። የሚወስዳቸው ከሌለ ለማን ነው የማሳድጋቸው? ካሮት መቁረጥ ለማን ነው?

ዳር ላይ አንዲት ሴት እባብ የመሰሉ ዓሦች ከባልዲ እየገለበጠች ትጸልያለች። ትንሽ ራቅ ብለው ዶሮዎች ይጭራሉ። ክዳኑን ከፈትኩ። አንዱ ጨቅላ ካርቶኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቆዳውን እያወለቀ ነው። ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ገና አሮጌው ውስጥ። ዝናብ ጀመረ።

አትንኪያቸው ብሎኛል። እንዲህ እያለ እንዴት ነው የሚለቀቀው? ጥላዬን ሳጥኑ ላይ ዘረጋሁና ተቀመጥኩ። እኔ በሰበስኩ። ሴትዮዋ ባልዲዋን ይዛ ስታልፍ ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ፍጥነቷን ጨመረች። እግሩን አንድ በአንድ አወጣ። አሮጌውን ልብሱን እዚያው ትቶት ሄደ፤ ዞሮ እንኳ አላየውም። ለሱ ምን ያደርግለታል? ጠብቦታል።

እስኪጠቁር ጠበቅኩትና ወደ ቤት ይዤያቸው ገባሁ።

ጥቅምት 7

ሱባኤ አለቀ። የሌላ ሰው ልጆች ሱሪ ለብሰው፣ በተላጨ ራሳቸው ላይ ኮፍያ አድርገው ገበያውን ሞልተውታል። እናቶቻቸው ክንዳቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ዛሬ ብዙ ካሪ ተሸጠ።

ጥቅምት 8

ጠዋት መነኮሳቱ በሰልፍ ለምጽዋት መጡ። ኔት የሚወደውን፣ በሙዝ ቅጠል የበሰለውን ዓሣ ሠርቼ ነበር። ፊቱ ተንበርክኬ የምጽዋት ሳህኑ ውስጥ አደረግኩ።

ይህን ጊዜ ላይ ቤት አለቃ "ሽሽሽ!" አለ። ሙሉ ሰልፉ እስኪሰማው!

መነኩሴ ምጽዋት ሲቀበል ቀና አይልም። እሱም አላለም። ግን የሳህኑ ክዳን እጁ ላይ ተንቀጫቀጨ። ቻሉይ ከኋላዬ "በርዶት ነው" አለች። ብርድ የለም።

ከዚያ ምርቃቱን አዜመ። ክረምቱን ሙሉ ሰው ሲያወራለት የከረመውን ድምፅ ዛሬ ገና ሰማሁት። እውነትም ጥሩ ነው።

ሰልፉ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆሜ ቆየሁ። ላይ ቤት ስወጣ አንዱ ጨቅላ ቆዳውን ጥሎ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ ይንቀጠቀጣል። ፓፓያውን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩለትና ጎንበስ አልኩ።

"አይዞህ አንተ፣ ቀስ በል" አልኩት። "ማንም አይነካህም።"

ከዚያ ወርጄ ሱቁን ከፈትኩ።